ቀዳዳው ገጥሞ አፉ ያልገጠመ፦ የኮርስ ብስክሌት ጫማና ፔዳል ስትገዙ

[ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማና ሦስት ዓይነት ፔዳል። አንደኛው ጫማ ተገልብጦ ሶሉ ይታያል።]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ገንዘብ ስላስወጣኝ ስህተት ነው።

እህቴ ከዱባይ ስትመጣ የኮርስ ብስክሌት ጫማ ይዛልኝ መጣች። ክሊቱ፣ ማለትም ፔዳሉ ነክሶ የሚይዘው ዕቃ፣ ከሥሩ ተገጥሞለታል፣ ቢጫ፣ አዲስ። ፔዳሉን ደግሞ እዚሁ ደሴ ከአንድ ልጅ ገዝቼ አስቀምጬ ነበር፣ ያገለገለ ሉክ ኬኦ፤ ሉክ ኩባንያው ነው፣ ኬኦ የፔዳሉ ዓይነት። ሁለቱም ባለ ሦስት ብሎን ነው የሚባሉት፣ ስለዚህ እኔ በልቤ ነገሩን ጨርሻለሁ። ማታ ግድግዳ ተደግፌ ረገጥኩት። አይገባም። ቆምኩበት። አይገባም። ጎረቤት "ምን እየሰበርክ ነው?" እስኪለኝ ድረስ ወቀጥኩት። ለካ ጫማው ላይ ያለው ሺማኖ የሚባለው ሌላ ኩባንያ ክሊት ነው፣ ፔዳሉ የሉክ። ቀዳዳው አንድ፣ አፉ ሌላ።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ያዙ። ጫማው ሥር ስንት ቀዳዳ አለ? ፔዳሉስ የማንን ክሊት ይነክሳል? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ጠይቆ ሁለተኛውን ይረሳል።

[ካሜራው ወደ አሮጌ ፔዳል ይጠጋል፣ ከፊቱ የብረት ቅርጫትና የቆዳ ማሰሪያ አለው።]

እንዲህ ጫማ የሚቆልፈው ፔዳል ክሊፕለስ ይባላል፣ ስሙ ራሱ ሰው ያሳስታል። ክሊፕለስ ማለት ያለ ክሊፕ ማለት ነው፣ እግርን ቀርቅሮ የሚይዘው ግን እሱ ነው። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ድሮ ብስክሌተኞች እግራቸውን እንዲህ ዓይነት ቅርጫት ውስጥ ከተው በማሰሪያ ይጠፍሩት ነበር። ክሊፕ የሚባለው ያ ቅርጫት ነው። እሱ ሲቀር ያለ ክሊፕ ተባለ። ሉክ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች ጫማቸውን የሚቆልፉበትን ዕቃ ይሠራ ነበር። ሰውዬው ሲወድቅ ቁልፉ እግሩን እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራውን ያንን ሐሳብ ወስዶ በፈረንጆቹ 1984 ፔዳል ላይ አመጣው። በዓመቱ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናር ኢኖ በዚያ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ቅርጫቱን ማን ይፈልገዋል?

[ሁለቱም ጫማ ተገልብጦ ጎን ለጎን።]

አሁን ሶሉን እዩ። ይሄኛው ሦስት ቀዳዳ አለው፣ አንዱ ወደ ጣት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ፣ ሦስት ማዕዘን ሠርተው። የኮርስ ጫማ በአብዛኛው እንዲህ ነው። ክሊቱ ትልቅ ፕላስቲክ ነው፣ ከሶሉ ወጣ ብሎ ስለሚቀመጥ ስትራመዱ ተረከዛችሁ ወደ ታች ይወርዳል፣ እንደ ዳክዬ ነው የምትሄዱት። የሺማኖው ኤስፒዲ-ኤስኤል፣ የሉኩ ኬኦ፣ ታይም የሚባለው ሌላ ኩባንያ ክሊትም፣ ሁሉም እዚህ ቀዳዳ ላይ ይታሰራሉ። ግን ክሊታቸው አንዱ ከሌላው ፔዳል ጋር አይሠራም። የሉክ የድሮው ዴልታ እንኳ ከራሱ ከሉክ ኬኦ ጋር አይገባም። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ እዚህ ላይ ነው የምትበሉት። መልካሙ ዜና፣ ጫማውን መጣል የለባችሁም፣ የፔዳሉን ክሊት ብቻ ገዝታችሁ ትቀይራላችሁ። እኔም በስተመጨረሻ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው፣ ክሊቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስንት ሳምንት እንደጠበቅኩ አልነግራችሁም።

ይሄኛው ደግሞ ሁለት ቀዳዳ ነው፣ ጎን ለጎን፣ በረጅም ስንጥቅ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት። ኤስፒዲ ይባላል፣ ሺማኖ በፈረንጆቹ 1990 ለተራራ ብስክሌት ያወጣው ነው። ክሊቱ ትንሽ ብረት ነው፣ ሶሉ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ እንደ ሰው ትራመዳላችሁ። የኤስፒዲና የኤስፒዲ-ኤስኤል ስም መመሳሰል ራሱ ወጥመድ ነው፣ የመጨረሻዋን "ኤስኤል" ሳታዩ እንዳትገዙ። ባለ ሁለት ቀዳዳ ጫማ ላይ የኮርሱ ትልቅ ክሊት አይታሰርም።

ባለ አራት ቀዳዳም አለ፣ ስፒድፕሌይ። ጥሩ ዕቃ ነው ግን እኛ አገር መለዋወጫውን ማን ያመጣላችኋል፣ እለፉት።

[ቀይ ክሊት ከሺማኖ፣ ቀይ ክሊት ከሉክ፣ በአንድ መዳፍ ላይ።]

ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ክሊቱ ከተቆለፈ በኋላ ተረከዛችሁ ግራና ቀኝ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግራችሁ ቀለሙ ነው። የሺማኖ ቀይ ዜሮ ዲግሪ ነው፣ ድርቅ ያለ። ሰማያዊው 2፣ ቢጫው 6 ዲግሪ። የሉክ ኬኦ ጥቁሩ ነው ዜሮ፣ ግራጫው 4.5፣ ቀዩ 9። አያችሁት አይደል? አንዱ ጋ ቀይ ማለት ምንም አይነቃነቅም ማለት ነው፣ ሌላው ጋ ከሁሉም በላይ የሚነቃነቀው። ጀማሪ ከሆናችሁ ዜሮውን ተዉት። እግራችሁ በተፈጥሮው ወደ ውጭ ዞር የሚል ከሆነ ዜሮው አስገድዶ ቀጥ ያደርገዋል፣ ጉልበታችሁ ነው የሚከፍለው። የሺማኖ ከሆነ ቢጫ፣ የሉክ ከሆነ ግራጫ ውሰዱ።

እሺ፣ ለእኛስ የቱ ይሻላል? ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለሚገባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ሐይቅ ደርሶ ለሚመለስ ሰው፣ እኔ ብትጠይቁኝ ባለ ሁለቱ። ውድድር የምትገቡ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ትልቁ ክሊት እግርን ሰፋ አድርጎ ይይዛል፣ ረጅም ዳገት ላይ ደስ ይላል። ግን ክረምት ላይ ደሴን ታውቋታላችሁ። ጭቃ አለ፣ እርጥብ ኮብልስቶን አለ፣ ሻይ ለመጠጣት ወርዳችሁ ሴራሚክ ወለል ላይ በፕላስቲክ ክሊት ስትራመዱ አዳልጧችሁ ቤቱ ሙሉ ይስቃል። ፕላስቲኩ በእግር ጉዞ ያልቃል፣ ባለቀ ቁጥር መግዛት አለ። ብረቱ ይቆያል። አብዛኛው የኤስፒዲ ፔዳል ደግሞ በሁለቱም ፊት ይቆልፋል፣ ዳገት ላይ ቆማችሁ ስትነሱ በእግር ጣት ማገላበጥ የለም።

ፔዳሉ ክራንኩ ላይ፣ ማለትም በሚታሰርበት ክንድ ላይ፣ ይገባል ወይ ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ። የአዋቂ ብስክሌት ፔዳል በአብዛኛው አንድ ዓይነት ጥርስ ነው፣ 9/16 ኢንች። የምትጠነቀቁት የግራው ፔዳል ላይ ነው፣ ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው። ቁልፉን ከላይ ይዛችሁ ወደ ብስክሌቱ ፊት ካዞራችሁት ሁለቱም ይጠብቃሉ፣ ወደ ኋላ ሁለቱም ይፈታሉ። በጉልበት እንዳትጀምሩት፣ በእጅ ጀምሩት። ጥርሱ ከተበላ ክራንክ ልትገዙ ነው። ግሪስ ቀቡበት።

ጫማውን ከሰዓት በኋላ ለኩ፣ እግር ውሎ ያብጣል። ተረከዝ አይነሳ፣ ጣት አይጨነቅ። የብዙዎቻችን እግር ከፊት ሰፊ ነው፣ የፈረንጅ ጫማ ደግሞ ጠባብ፣ ስለዚህ ሰፊውን ዓይነት ጠይቁ እንጂ ቁጥር እየጨመራችሁ አትሂዱ።

[ሰውዬው ግድግዳ ተደግፎ ኮርቻ ላይ። አንድ እግር ይገባል፣ ይወጣል።]

ተረከዝ ወደ ውጭ፣ ተከፈተ። ወደ ላይ መሳብ አይደለም፣ ወደ ውጭ። ፔዳሉ ላይ ያለውን የሞላውን፣ ማለትም የስፕሪንጉን፣ ብሎን መጀመሪያ በጣም አላሉት። ግድግዳ ተደግፋችሁ ልመዱት፣ እግራችሁ ሳታስቡት እስኪያደርገው። እኔ አልተለማመድኩም። ፒያሳ ላይ ከፊቴ ባጃጅ ቆመ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ እግሬን ወደ ላይ ጎተትኩ፣ ከነብስክሌቴ እንደ ግንድ ጋደል አልኩ። ቆሎ የሚሸጡ እናት ሮጠው መጡ። "ውይ ልጄን! እግርህን ከብረቱ ጋር ማን ሰፋብህ?"

"ራሴ ነኝ እማማ።"

"አብሽር፣ አብሽር" እያሉ ክንዴን ይዘው ያነሱኛል፣ እኔ ደግሞ አንድ እግሬ እንደተቆለፈ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክሊቱን ስታስሩ ብሎኑን ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና አጥብቁት፣ ይላላል። ሁለተኛውን ጫማዬን፣ ማለትም ባለ ሁለት ቀዳዳውን ስገዛ ይሄን ዘለልኩት። ሐረጎ ላይ አንደኛው ብሎን ወድቆ ቀርቷል፣ እኔ አላየሁም። ደሴ ገብቼ ልወርድ ተረከዜን ሳዞር ጫማው በአንዷ ብሎን ዙሪያ ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ ክሊቱ አይከፈትም። ያለው አማራጭ አንድ ነው። የጫማውን ማሰሪያ ፈትቼ እግሬን አወጣሁና፣ ጫማው ፔዳሉ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ በአንድ እግር ካልሲ ሰፈር ገባሁ።