በጣርማ በር ላይ አንድ ድንጋይ ይቁም
(በሚያዝያ 27 የአርበኞች በዓል ደብረ ሲና ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባት አርበኞች፣ የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንኳን ለበዓላችን በሰላም አደረሳችሁ።

አስተናባሪው አሥር ደቂቃ ሰጥቶኛል። በአዲስ አበባና በደሴ መስመር ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁና ሰዓት ማክበር አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ትንሽ ባረፍድ ይቅር በሉኝ። ያመጣኝ ጉዳይ አንድ ነው፤ የጣርማ በር የመኪና ዋሻ።

መንገዱን ለእናንተ አልነግራችሁም። ከደብረ ብርሃን ወዲህ ጉሙ እየወፈረ ይመጣል፤ ጣርማ በር ላይ ፊት ለፊት ያለው መኪና የሚታወቀው በመብራቱ ብቻ ነው። ረዳቱ «መስኮት ዝጉ» ይላል። ጥሩምባ ነፍቼ እገባለሁ። 587 ሜትር ነው ይባላል፤ ለእኔ ግን ርዝመቱን የሚወስነው ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና ፍጥነት ነበር። በዚያኛው አፍ ስንወጣ ገደሉ ከእግራችን ሥር ይከፈታል፤ ጭላዳዎቹም ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ይታዘቡናል።

አንድ ቀን ከኋላዬ ከእናቱ ጋር የተቀመጠ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ «ጋሼ፣ ይህ ዋሻ የማን ነው?» አለኝ። እንደ ልማዴ «የሙሶሎኒ» አልኩት። ጥቂት አሰበና «ሙሶሎኒ አርበኛ ነበር?» አለ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ፤ እኔም ሳቅኩ። እዚህ ደርሰን ተሳፋሪው ቆሎ ሊገዛ ሲወርድ ግን መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጁ ምን አጠፋ? ምኒልክ አደባባይ የምኒልክ መታሰቢያ ነው፤ ቴዎድሮስ አደባባይም የቴዎድሮስ። በዚህ ሒሳብ ሙሶሎኒም የሆነ ውለታ የዋለልን ሰው መሆን አለበት!

ፋሺስትን አባቶቻችን በደማቸው አባረሩት። ስሙን ግን እኛ በየቀኑ በአውቶቡስ እየጫንን እናመላልሰዋለን፤ ያለ ትኬት!

በዚያው በር ላይ የሆነውን ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል? በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የወራሪው የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,500 የሚበልጡ መኪኖች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። የጉዞውን ስም «የብረት ፈቃድ» አሉት። ጣርማ በር ሲደርሱ መንገዱ ተንዷል። የእኛ ሰዎች ናቸው ያፈረሱት። ያ ሁሉ ብረት በአንድ ገደል ጫፍ ላይ ተገትሮ ቀረ፤ ወታደሩ ከመኪና ወርዶ ድንጋይ እየተሸከመ መንገድ ጠገነ። ዳገት ላይ መኪና ቆሞበት የሚያውቅ ሹፌር ያቺን ሌሊት በደንብ ያውቃታል። ጣሊያኖች ዋሻውን የቆፈሩት ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ ሌሊት እየታወሰቻቸው ይሆናል የቆፈሩት፤ ይህ የታሪክ ሊቅ ቃል ሳይሆን የሹፌር ግምት ነው።

አዎ፣ አላስቀሩትም። ባዶሊዮ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ሚያዝያ 27 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ገቡ። ዛሬ እዚህ የተሰበሰብነውም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ሰሌዳው ልምጣ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ከዋሻው አፍ አጠገብ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተክሎ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ በዓል ነው። ደስ ብሎኝ አውቶቡሱን ዳር አስይዤ ወረድኩ። «ወራሪው የጣሊያን ጦር በዚህ በር ያለፈው በ1936 ዓ.ም. ነው» ይላል። ዓ.ም. ነው የሚለው! «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ሦስት ፊደል መጻፍ ከብዷቸው፣ በ1933 የተባረረውን ጠላት ከሦስት ዓመት በኋላ መልሰው አስገቡት። ሄጄ ተናገርኩ። «ይታረማል» ተባልኩ። በሁለተኛው ክረምት ቀለሙ ተላጠ፣ በሦስተኛው ሰሌዳው ራሱ ጠፋ። ብዙ ቆይቼ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ቤት የበጎች በረት መዝጊያ ሆኖ አገኘሁት። ሴትየዋን አንድ አዲስ ቆርቆሮ ሰጥቼ ለወጥኳት። እሷን አልወቅስም፤ ሰሌዳው ከተሠራ ጀምሮ ቁም ነገር የሠራው እዚያ በረት ላይ ነው።

ሌላም ቦታ አለ። ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ ላይ በ1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ ዲያቆናት ተረሽነዋል። በዘረት ዋሻ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የአርበኞች ቤተሰቦች ሴትና ሕፃን ሳይለይ በመርዝ ጋዝና በጥይት አልቀዋል። ራስ አበበ አረጋይ አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን እንቅልፍ የነሡት በዚህ በሰሜን ሸዋ ነው። ስለ እነዚህ ከእኔ የተሻለ የሚናገሩ አባቶች እዚህ ተቀምጠዋል።

ዋሻው ይፍረስ አላልኩም። በጉምና በዝናብ አሳልፎኛል፤ እንጀራዬን በልቼበታለሁ። ስሙንም በአዋጅ እንቀይር አልልም፤ የሹፌርን አፍ አዋጅ አይመልሰውም። የምጠይቀው አፉ ላይ አንድ ድንጋይ እንዲቆም ነው። ቆርቆሮ አይሁን፣ ቀለም አይሁን፤ ጠራቢ የጠረበው የሀገራችን ጥቁር ድንጋይ ይሁን። ጽሑፉም ከቆመ አውቶቡስ መስኮት የሚነበብ አንድ መስመር ይሁን፦ «በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አባቶቻችን ይህን መንገድ ቆርጠው የወራሪውን ጦር እዚህ አቆሙት።» በጀት የለም የሚለኝ ሰው ካለ፣ ለዛሬው ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ስንት እንደወጣ መጀመሪያ ይንገረኝ!

የድሮውን ሰሌዳ ይዤው መጥቻለሁ፤ አዳራሹ በር ላይ ተደግፎ ቆሟል። ስትወጡ 1936 የምትለዋን እዩልኝ፤ አሁንም ትነበባለች። ከጎኑ የልጅ ልጄ መዝገብ ይዛ ተቀምጣለች። የመጀመሪያውን መስመር እኔ ሞልቻለሁ።