ስሞልቶክ በብራውዘር ውስጥ፦ እንደገና መጻፍ ወይስ እንዳለ ማሻገር?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። የምቀዳው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከታች ብሎኬት የሚያራግፍ መኪና ስላለ ጫጫታውን ቻሉልኝ።

ሰሞኑን የማሰላስለው ስለ ስሞልቶክ ነው። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) እነ አለን ኬይ፣ ዳን ኢንጋልስና አዴል ጎልድበርግ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል፣ በዜሮክስ ፓርክ፣ የሠሩት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ስኩዊክ የተባለው ዝርያው በ1996 አፕል ውስጥ ተወለደ፤ ልጆች ፕሮግራም እንዲሠሩባቸው የተዘጋጁት ኢቶይስና የመጀመሪያው ስክራችም የተጻፉት በስኩዊክ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ስክራች በ2013 ፍላሽ በተባለ የቆየ የብራውዘር ቴክኖሎጂ፣ በ2019 ደግሞ ብራውዘሮች በቀጥታ በሚያስኬዱት ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ እንደገና ተጻፈ። ኢቶይስ ግን እንዳለ ብራውዘር ውስጥ ገባ። እኔ ልቤ የሚያደላው ወደዚህኛው ነው።

እንዴት ገባ? ስሞልቶክ ውስጥ ፕሮግራሙም፣ የተከፈቱት መስኮቶችም፣ ግማሽ ላይ የቆመው ሥራም ኢሜጅ በሚባል አንድ ፋይል ይቀመጣሉ። ፋይሉን የሚያስኬድ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ማሽን) እስካለ ድረስ ከሥር ዊንዶውስ ይኑር ማክ ግድ የለውም። ቫኔሳ ፍሮይደንበርግ ይህንኑ ማሽን በጃቫስክሪፕት ሠራችው፤ ስሙ ስኩዊክጄኤስ ይባላል። ሥራው ቀላል አልነበረም። ስሞልቶክ «የዚህ ዓይነት ነገሮች በሙሉ የታሉ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ሜሞሪ ውስጥ ያለውን ቆጥሮ አያስረክብም። ስለዚህ ማሽኑ የቆዩትን ነገሮች ራሱ በሰንሰለት አያይዞ ይይዛል፤ አዲሶቹን ለጃቫስክሪፕት ይተዋል፤ ጥያቄው ሲመጣ ብቻ አስሶ ያገኛቸዋል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ብልሃት ማለት እንዲህ ነው!

የሰፈራችን ልጆች የሚጠቀሙባቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ፕሮግራም ለመጫን የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ። ቃሉን የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ብራውዘር ግን ማንንም አያስፈቅድም። አንዷ ልጅ ብራውዘር ውስጥ በተከፈተው ኢቶይስ ባጃጅ ሣለች፤ ወደፊት ሂድ፣ ታጠፍ የሚሉ ትእዛዞች ደረደረችለት። ባጃጁ እየሄደ ሳለ ቁጥሩን ስትቀይር እዚያው ታጠፈ፤ የልጆቹን ጩኸት ብትሰሙ!

እርግጥ ፍጥነቱ ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ከተጫነው ያንሳል። ለአይጥና ለሰፊ ስክሪን የተሠራ ስለሆነም በስልክ ያስቸግራል፤ ትንንሾቹን ምልክቶች በጣት መንካት ትዕግሥት ይፈታተናል። የተቀመጠው ሥራ የሚኖረው እዚያው ብራውዘር ውስጥ ስለሆነ አንድ ቅን ሰው «ላጽዳላችሁ» ብሎ መረጃውን ካጠፋው ባጃጁም አብሮ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋም ያልተቀመጠው አይገኝም፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ መብራቱን ታውቁታላችሁ። ልጆቹ አሁን ሳልነግራቸውም ቶሎ ቶሎ ያስቀምጣሉ።