ከመቀሱ በፊት፦ በሐዘንና በለውጥ ሰሞን የሚሰፋ ትራስ ልብስ

ሀ፦ እንደምን ዋላችሁ፣ ዛሬም ከፒያሳ ነን። የምናወራው ሐዘን ላይ ላለ፣ ትዳሩ ለተበተነበት፣ ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ለገባ ሰው ስለሚሆን ስፌት ነው። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲነሣ ስንቱ ነው መጋረጃውንና የሟች እናቱን ነጠላ በማዳበሪያ ቋጥሮ የወጣው።

ለ፦ መጋረጃው ለአዲሱ መስኮት ያጥራል፣ ነጠላዋም ከማዳበሪያው ሳትወጣ ትቀራለች። ዛሬ ያቺን ነጠላ የሶፋ ትራስ ልብስ እናደርጋታለን። ግን መጀመሪያ የምትቆረጠው እሷ አይደለችም።

ሀ፦ እሱን በደንብ አስረጂልን እስቲ።

ለ፦ የተሰፋ ይተረተራል፣ የተቆረጠ ግን አይመለስም። ልብ በተረበሸበት ሰሞን ደግሞ እጅ ይቸኩላል። ስለዚህ አንዱን ትራስ ልብስ በአቡጄዲ ሰፍታችሁ ጨርሱ። ቢበላሽ ትተረትሩታላችሁ፣ ማንም አይጎዳም።

ሀ፦ ቀሚስ ልስፋ ብሎ የሚጀምር ሰውም አለ። እጅጌው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ያላለቀው ሥራ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ሲከርም ሌላ ሸክም ነው። ይሄኛው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው፣ ዚፕ የለውም፣ በሁለት ምሽት ያልቃል።

ለ፦ ትራሱ 45 በ45 ሳንቲም ነው እንበል። ለስፌት በየጎኑ 1.5 ስትጨምሩ የፊቱ ጨርቅ 48 በ48 ይመጣል። ጀርባው ሁለት ቁራጭ ነው፣ እያንዳንዱ ወርዱ 48 ቁመቱ 33። የሁለቱንም አንድ አንድ ረጅም ጠርዝ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 2 ሳንቲም አጥፋችሁ ስትሰፉት ቁመቱ 30 ይቀራል። ሲደራረቡ 12 ሳንቲም ይነባበራሉ፣ ትራሱ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። መነባበሩ በጣም ካነሰ ሰው ሲደገፈው አፉን ይከፍታል።

ሀ፦ ስንት ሜትር ይገዛ?

ለ፦ መርካቶ ብትን ጨርቅ ስትገዙ መጀመሪያ ወርዱን ጠይቁ። 1.50 ከሆነ ሦስቱም ጎን ለጎን ይወጣሉ፣ 60 ሳንቲም ይበቃል። ትርፉን የጨመርኩት አቡጄዲ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ነው። አጥባችሁ፣ ተኩሳችሁ፣ ከዚያ ቁረጡ። ፊቱን በደህናው ገጽ ወደ ላይ አንጥፉ፣ ጀርባዎቹን ገልብጣችሁ ደርቡበት፣ የተሰፉት ጠርዞች መሃል ላይ ይዋሉ። ዙሪያውን በ1.5 ስፉ። ጀርባዎቹ የሚደራረቡበት ቦታ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ሂዱበት፣ መጀመሪያ የሚቀደደው እሱ ነው። ስታበቁ በአፉ በኩል ወደ ደህናው ገጽ ገልብጡት።

ሀ፦ ማዕዘን ላይስ?

ለ፦ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር አንሡ፣ ጨርቁን አዙሩ፣ እግሩን መልሱ።

ሀ፦ የስፌት መኪናው ከሥር ክር ሲተበትብ ብዙ ሰው ቦቢኑን፣ የሥሩ ክር የሚጠቀለልበትን፣ ይወቅሳል።

ለ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከላይ ነው። ክሩ ሲገባ እግሩ ወርዶ ከነበረ፣ ክሩን የሚያጠብቁት ሁለት ሳህኖች ተጣብቀው ስለሚቆዩ ክሩ መሃላቸው አይገባም። ልቅ ሆኖ ይወርድና ከሥር ይከማቻል። እግሩን አንሥታችሁ እንደ አዲስ አስገቡት፣ ስትጀምሩም የሁለቱንም ክር ጫፍ ወደ ኋላ ያዙ። በእግር የሚሠራው ጥቁሩ ሲንጀር ከሆነ ደግሞ መዘውሩ ወደ እናንተ ይዙር፣ ወደ ኋላ ከዞረ ክር ይበጥሳል። መርፌው ለአቡጄዲ ቁጥር 14፣ ነጠላ ስትጨምሩበት ቁጥር 11 ይሁን። የደነዘ መርፌ ነጠላን አይወጋም፣ ክሯን እየሳበ ያጨማድዳታል።

ሀ፦ መብራት ከጠፋ በእጅም ይሆናል። ክሩን ከ50 ሳንቲም አታስረዝሙት፣ ይቋጠርባችኋል። ወደ ኋላ እየመለሳችሁ፣ 3 ሚሊ ሜትር 3 ሚሊ ሜትር ስፉ። እጅ ሥራ ሲይዝ ሐሳብ ይጠፋል አልልም። ግን ያን ያህል ትንሽ ስፌት እኩል ለማውጣት ዓይንና እጅ አንድ ላይ መዋል አለባቸው፣ በዚያ መሃል «ነገ ምን ልሆን ነው» የሚለው ፋታ ይሰጣል።

ለ፦ አሁን ወደ ነጠላዋ። በዓይን ግምት አትቁረጧት፣ ትሸሻለች። ጠርዟ ላይ አንዲት ክር በመርፌ ጫፍ አንሡና ቀስ አድርጋችሁ ምዘዙ። ጨርቁ መጀመሪያ ይሰበሰባል፣ ክሯ ስትወጣ ይዘረጋል፣ በቦታዋ እንደ ፀጉር የቀጠነ መንገድ ይቀራል። መቀሱ በዚያ መንገድ ይሂድ። ክሯ መሃል ላይ ብትበጠስ እስከዚያው ቁረጡ፣ ከዚያ የቀረውን ጫፍ ፈልጋችሁ እንደገና ምዘዙ። የምትቸኩሉበት ቀን ከሆነ ተዉት፣ ይደር።

ሀ፦ ጥለቱስ?

ለ፦ ጥለቱን ስፌት እንዳይበላው ነጠላዋን 48 በ45 አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ገና ያልተሰፋ ሌላ የአቡጄዲ ፊት ላይ ደርቧትና የጥለቱን ጫፍ ከአቡጄዲው ጠርዝ 3 ሳንቲም አግቡት። ክሩ እንዳይታይ አድርጋችሁ በእጅ ስፉት። ሌሎቹን ሦስት ጎኖች በረጃጅም የእጅ ስፌት ከአቡጄዲው ጋር አያይዙ፣ አቡጄዲው ገበር ይሆናታል። ከዚያ እንደ መጀመሪያው ከጀርባዎቹ ጋር ስፉት። ያለ ገበር ብቻዋን ከተሰፋች ስስ ናት፣ ስፌቱ ላይ ትተረተራለች።

ሀ፦ መቀሱን ይዞ እጁ እምቢ የሚለውስ?

ለ፦ አይቁረጥ። የአቡጄዲውን ትራስ ነጠላዋን አጣጥፎ ይጠቅልልበት፣ ጥለቱን ከላይ ያውለው፣ ጀርባው ላይ በአምስት ስድስት ረጃጅም የእጅ ስፌት ያያይዘው። ሶፋው ላይ ትቀመጣለች። ለማጠብም ሆነ ለመልበስ ሲፈልጋት ክሩን ይመዘዋል፣ ነጠላዋ ሙሉዋን ትወጣለች።