ሕዋን የሚዘክሩ ሳንቲሞችና ሜዳልያዎች፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአፖሎ መንኮራኩር ጋር ወደ ጨረቃ ሄዶ ተመልሷል የተባለ የብር ሜዳልያ ልገዛ አስቤአለሁ። እውነተኛነቱን በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ የጨረቃ ጉዞን የሚዘክሩ ሜዳልያዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከምድር ተነሥተው የተመለሱት ግን ጥቂት ናቸው። ከእነዚህም ይበልጥ የሚታወቁት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት አትልቦሮ ከተማ የነበረው የሮቢንስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ከተካሄደው የአፖሎ 7 በረራ ጀምሮ ለጠፈርተኞቹ የሠራቸው፣ ተከታታይ ቁጥር የተቀረጸባቸው የብር ሜዳልያዎች ናቸው። ስለዚህ ከሻጩ በመጀመሪያ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ ቀጥሎም ሜዳልያው ከየትኛው ጠፈርተኛ እጅ ወጥቶ በእነማን በኩል እንዳለፈ የሚያስረዳ፣ ቁጥሩን በግልጽ የጠቀሰ ደብዳቤ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ቁጥሩን የማይጠቅስ ደብዳቤ ከማንኛውም ሜዳልያ ጋር ሊጣመር ስለሚችል እኔ እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያደባልቁት ሌላም ዓይነት አለ። በአፖሎ 11 ፕሮጀክት ለደከሙ ሠራተኞች ከተሰጡት ሜዳልያዎች መካከል ከኮሎምቢያና ከኢግል መንኮራኩሮች የተገኘ ብረት እንደተቀላቀለባቸው የሚገልጽ ጽሑፍ ያለባቸው ይገኛሉ። እነዚህ ክቡር መታሰቢያዎች ናቸው፤ ሆኖም የተሠሩት ከበረራው በኋላ በመሆኑ «ጨረቃ ደርሶ የመጣ ሜዳልያ» ተብለው ሊሸጡ አይገባም።

የአፖሎ 13 ታሪክ ደግሞ እኔን ዘወትር ይነካኛል። ከጉዞው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ጠፈርተኛው ኬን ማቲንግሊ በጃክ ስዊገርት ተተካ፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1970 ደግሞ በመንኮራኩሩ የኦክስጅን ታንክ ላይ በደረሰው ፍንዳታ ምክንያት ጨረቃ ላይ ማረፉ ቀረ። አስቀድሞ የተሠሩት ሜዳልያዎች ከሆነው ነገር ጋር ስላልተስማሙ ከጉዞው መልስ ቀልጠው እንደገና ታትመዋል። ብሩ ያንኑ ጉዞ የተጓዘው ብር ነው፤ መልኩ ግን አዲስ ነው።

ጥያቄ፦ በጀርባው ንስር ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የሚያሳይ የ1971 የአንድ ዶላር ሳንቲም አለኝ። ብር አለበት?

መልስ፦ ንስሩ ከአፖሎ 11 ዓርማ የተወሰደ ሲሆን፣ ሳንቲሙ በፊት ገጹ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን ምስል ይዟል። ከዓመተ ምሕረቱ በላይ «ኤስ» የተባለው የላቲን ፊደል ካለ በሳን ፍራንሲስኮ ለሰብሳቢዎች የታተመ፣ 40 በመቶ ብር ያለው ነው። ፊደሉ ከሌለ ወይም «ዲ» ከሆነ ግን መዳብና ኒኬል ነው። በትንሽ ሚዛን ይመዝኑት፤ ብር ያለበት 24.59 ግራም፣ ሌላው 22.68 ግራም ይመዝናል። ብር የሌለበት በብዙ ሚሊዮን ስለታተመ፣ ቆሻሻና ጭረት ከበዛበት ሰብሳቢዎች እምብዛም አይፈልጉትም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን ጠፈርተኛ ዩሪ ጋጋሪንን የሚዘክር የ1981 የሶቪየት ሩብል ሳንቲሜ ጠቆረብኝ። ላጽዳው?

መልስ፦ እባክዎን አይፈትጉት። የጥርስ ሳሙናም ሆነ የብረት ማበሻ የገጹን ስስ ሽፋን ይልጠዋል፤ የተላጠውም አይመለስም። የሚያስጨንቀው ጥቁረቱ ሳይሆን አረንጓዴና የሚያጣብቅ ነገር ነው፤ ይህ ሳንቲሙ የተቀመጠበት ለስላሳ ፕላስቲክ መበላሸት ምልክት ስለሆነ ሳንቲሙን ከዚያ አውጥተው በጠንካራና ኬሚካል በማይለቅ መያዣ ያኑሩት። እግረ መንገድዎን ጠርዙን ይመልከቱ፤ 1988 የሚል ዓመት ካለበት፣ ኋላ ለሰብሳቢዎች በድጋሚ የታተመ ነውና በ1981 ከታተመው ጋር አንድ አድርገው አይመዝግቡት።