ገበያው ቀዝቅዟል

እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች፤ እሺ። እንደምን አመሻችሁ። እንደተለመደው መኪናዬ ውስጥ ነኝ። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ከፊቴ ያው የምታውቁት የቆሻሻ ገንዳ አለ፣ ድመቷ ዛሬ አልመጣችም። ባለፈው ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ አወራለሁ ብዬ ነበር። አላወራም። እህቴ፣ አንቺ በእጥፍ ፍጥነት የምትሰሚኝ፣ ዛሬ እባክሽ በልኩ ስሚኝ።

የጋሼን ሰዓት ታስታውሳላችሁ፤ ያንን አልማዝ የተተከለበትን፣ የሚያብረቀርቀውን። አዎ፣ «ጀነሬተሩ»። ስንት ጊዜ ሳቅንበት እዚህ? የእቁብ ቀን አዳራሹ መብራት ሲጠፋ «ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ያንሱልን» ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ እጃቸውንም አነሱልን። የእቁብ ዳኛ ሆነው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ለእኔ ቀልድ ብለው እጃቸውን አነሱ። ከዚያ በኋላ በዚህ ፖድካስት ስንት ክፍል ላይ ደጋገምኩት። አሁን ያ ቀልድ... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ወይ ከመሃሉ።

መሃሉ ይሄ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያገለገለ ሰዓት የሚገዛ አንድ ሱቅ ገብተን ባንኮኒው ጋ ቆመናል፣ ጋሼና እኔ። ሱቁን አልጠራም። ሰውየው ደግሞ ምንም አላጠፋም፤ እንዲያውም እዚያ ቤት ውስጥ ከነበርነው እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ ነው። ጋሼ ሰዓቱን ፈቱት። አንጓቸው ላይ ፈካ ያለ መስመር ቀረ፣ ቀለበት ለብዙ ዓመት አድርጋችሁ ስታወልቁት እንደሚቀረው። ያንን መስመር በሌላ እጃቸው ሸፈኑት። ለምን እንደሸፈኑት አላውቅም። ምናልባት በርዷቸው ይሆናል።

ሰውየው ትሪ አቀረበ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ፣ ዝም ብሎ ማየት ጀመረ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ያቺን እስክሪብቶ የምትመስል የአልማዝ መመርመሪያ አወጣና አንዷን ድንጋይ ነካ። ጢጥ አለች። ሌላዋን ነካ፣ ጢጥ። ጋሼ ዘወር ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው በራ። «እውነተኛ ነው ማለት ነው አይደል?» አሉኝ። እውነተኛ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ ሰዓቱም እውነተኛ ሮሌክስ ነው፣ አልማዙም እውነተኛ አልማዝ ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ፎርጅድ የሚባል ነገር የለም። የከበደኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ የሚያስቅ ነገርም ነበር። ሰውየው ማሽን ላይ አስቀምጦት «በደንብ ይሄዳል፣ ግን ስድስት ሰዓት ተዛንፏል» አለ። ጋሼ በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው የሚሞሉት! ሃያ አራት ዓመት አሜሪካ ኖረው። ደግሞ ይሄ ሰዓት ዴትጀስት ነው፤ በ1945 ሮሌክስ ሲያወጣው ዋናው ነገሩ ቀኗን በመስኮት ማሳየቱ ነበር። ቀኗ የምትዞረው መርፌዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው። ጋሼ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንድትዞር አድርገው አስተካክለዋታል። ጎህ ሲቀድ ቀኑ ይቀየራል፤ እንደ እኛ። የስዊስ ሰዎች ያላሰቡትን ጋሼ አሰቡላቸው። ለሰውየው ሳስረዳው ከልቡ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ስንስቅ አንዳች ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ከዚያ ሰውየው ተናገረ። ረጅም ነው የተናገረው። በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ሥራዬን ታውቃላችሁ፣ የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ፣ ሰው የሚናገረውን መያዝ ነው እንጀራዬ። እንዲህ አለ፦ ሰዓቱ ደህና ነው፣ 36 ሚሊሜትሩ ነው፣ ሞተሩ ንጹህ ነው። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ቀለበት፣ ቤዝሉ፣ ግን የፋብሪካው አይደለም። ፊቱ ተበስቶ ነው ድንጋይ የገባበት። ማሰሪያው የሚገባባቸው ጆሮዎችም ተበስተዋል። ፋብሪካው እንዲህ የተነካካ ሰዓት አይጠግንም። ድንጋዮቹ ሁሉም ተደምረው ሁለት ካራት ቢሆኑ ነው፣ ጥቃቅን ስለሆኑ ምንም አልከፍልባቸውም። ማንም ሳይነካው እንደወጣ ቢመጣልኝ ስድስት ሺህ እሰጥ ነበር። አሁን 3 ሺህ 800።

«ሁለት ካራት» ሲል ጋሼ ደነገጡ። «ሁለት?! የሚስቴ ወርቅ 21 ካራት ነው! ሁለት ካራት ምን የሚሉት ቆርቆሮ ነው?» እኔም እዚያ ላይ ዘልዬ ገባሁ። ጋሼ፣ የወርቁ ካራት ሌላ የድንጋዩ ሌላ፤ የወርቁ ከ24 እጅ ስንቱ ንጹህ ነው ማለት ነው፣ የድንጋዩ ደግሞ ክብደት ነው፣ አንድ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ካራት... እያልኩ እየዘረዘርኩ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ። እንዴት ደስ እያለኝ እንዳስረዳሁ ብታዩ። ምክንያቱም ካራቱን ሳስረዳ ሌላውን አላስረዳሁም።

ከዚያ ጋሼ «እሺ፣ ሌላስ ምን አለ?» አሉኝ።

እኔም «ጋሼ፣ ገበያው ቀዝቅዟል ነው የሚለው» አልኳቸው።

በቃ። ሰውየው ያን ሁሉ ተናግሮ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። አማርኛ አይችልም፣ ግን ልክ ያልሆነ ነገር እንዳለ ገብቶታል። እሱ እስኪደክመው ነው የተናገረው፣ እኔ ደግሞ ሳልተነፍስ ጨረስኩ። ትሪውን በአንድ ጣቱ ወደ እኛ ገፋ አደረገው። ጋሼ «ቀዝቅዟል?» አሉ። «አዎ» አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ማለት ነው። የመጀመሪያው አምልጦኝ ነው ልበል፤ ሁለተኛውስ?

ሆስፒታል ውስጥ በእኔ አፍ ምን ምን እንዳለፈ አልነግራችሁም። ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ ነው መሐላው። ለእናት፣ ለባል፣ ለልጅ ነግሬአለሁ፤ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ። እዚህ የሰዓት ባንኮኒ ላይ ግን አቃተኝ። «ልጅዎ ያስደረገበት ነገር ዋጋውን አወረደው»፣ ይህቺን አንድ ዓረፍተ ነገር። አቃተኝ።

አዎ፣ ልጃቸው ነው የገዛው። ትራኩን በጀመረ ዓመት፣ የመጀመሪያው ደህና ገንዘብ እጁ ሲገባ፣ ኒው ዮርክ ሄዶ 47ኛው ጎዳና፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው አቬኑ መካከል ያለችው የአልማዝ ብሎክ፣ እዚያ ገብቶ አሠራላቸው። 13 ሺህ ዶላር። አሁን የትራኩ ሞተር ተበላሽቶ ሁለት ወር ቆሟል፣ ፔይመንቱ ግን አይቆምም። ጋሼ የሚሸጡት ለእሱ ነው። «ለልጄ እንዳትነግር» ብለውኛል።

...እና አሁን ለናንተ እየነገርኩ ነው። ቆይ፣ ይሄንን እቆርጠው ይሆናል።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሰዓት ላይ እንዲህ አልማዝ መትከል እንዴት እንደሚሠራ ቪዲዮ ሳይ አነጋሁ። ባስት ዳውን ይሉታል። ሰዓቱን ሙሉ በሙሉ ይፈቱታል። ማይክሮስኮፕ ስር አድርገው ብረቱን ይበሱታል፤ በየቀዳዳው የጤፍ ፍሬ የምታክል አልማዝ ይጥሉባታል፣ አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ በሹል ብረት ዳር ዳሩን እየጫሩ ትናንሽ ጥርስ ያወጡለታል፤ ጥርሶቹ ድንጋዩን ነክሰው ይይዙታል። የሰውየውን እጅ አይቼ አደነቅሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ቀጫጭን ጣቶች፣ ምንም አይንቀጠቀጥ። ፋብሪካውም እኮ አልማዝ ይተክላል፣ ግን የሚተክለው ወርቅና ፕላቲነም ላይ ነው፤ ወርቅ ለስላሳ ነው፣ ይታዘዛል። ብረት ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው። ድንጋዩን ብታወጣው የሚቀርህ ወንፊት ነው።

ነገሩ ደግሞ የሰሞኑ አይደለም። ከታሽከንት በልጅነቱ የመጣው ጄኮብ አራቦ ኒው ዮርክ ውስጥ በ1986 የራሱን ድርጅት ከፈተ፣ ራፐሮቹ እሱ ጋ ተሰለፉ፣ እነሱን ያየ ልጅ ሁሉ ደግሞ ተከተለ። ስደተኛ ሰው ነው ይሄን ያደመቀው። ይሄንን ሳይ የጋሼ ልጅ ላይ መፍረድ አቃተኝ። አባቱ ሃያ አራት ዓመት የሰው መኪና ሲያቆሙ የኖሩ ናቸው። የመርሴዲስ ቁልፍ እየተቀበሉ፣ የባለቤቱን እጅ እያዩ። ልጁም ያንን እያየ ነው ያደገው። ስለዚህ ሲገዛ የሚታይ ነገር ነው የገዛው። ከመንገድ ማዶ የሚታይ። ባዶ ብረት ሰዓት ቢሰጣቸው እቁቡ ውስጥ ማን ያውቅ ነበር? እኔስ አውቅ ነበር? ሰው ሰዓት የሚገዛው መልሶ ሊሸጠው ነው ወይ? የኛ እናቶች ወርቅ ሲገዙ ግን... እነሱ መልሰው ሊሸጡት ነው፣ ለክፉ ቀን። እና ጋሼ ሰዓቱን እንደ ወርቅ ነው የቆጠሩት። እዚያ ላይ ነው የተለያዩት አባትና ልጅ። ወይም አልተለያዩም፣ እንጃ። ይሄን ነጥብ ወዴት እየወሰድኩት እንደሆነ ጠፋኝ።

ሌላም ነገር አነበብኩ። ቴክሳስ ውስጥ እንዲህ የተነካኩ ሰዓቶችን «እውነተኛ ሮሌክስ» እያለ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ሮሌክስ ከሰሰው። በጃንዋሪ 2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የንግድ ምልክት መጣስ ነው አለ። ግን ነጋዴው ያተረፈውን ለሮሌክስ ያስረክብ የሚለውን አልፈቀደም። ለምን? ኩባንያው እያወቀ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቷል ተብሎ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄን ሳነብ ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

እርግጥ ገበያው በእውነትም ቀዝቅዟል። ያገለገለ ሰዓት ዋጋ 2022 መጀመሪያ ላይ ሰማይ ነክቶ ከዚያ ወርዷል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁም። ይሄንን ለባለቤቴ ስነግራት «ለራስህም እያስተረጎምክ ነው» አለችኝና ተኛች። ይቺ ሴትዮ።

ከሱቁ ስንመለስ 495 አውራ ጎዳና ላይ ተዘጋግቶብን፣ ጋሼ ሰዓቱን መልሰው አስረውታል፣ መስኮቱን እያዩ «ገበያ እንደ በሽተኛ ነው፣ ይወድቃል ደግሞ ይነሳል። እንጠብቃለን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ይደውላሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ። «አንተ ልጅ፣ ገበያው እንዴት ዋለ?» ይሉኛል። «ያው ነው ጋሼ።» ትራኩ እንደቆመ ነው። 3 ሺህ 800 ዶላር ለአንድ ወር ተኩል ፔይመንት ይበቃ ነበር፤ አስልቼዋለሁ። እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ያን ቀን ይሸጡት ነበር። ወይ በንዴት አይሸጡትም ነበር። ወይ ለልጁ ይነግሩት ነበር።

አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ጋሼ እንግሊዝኛ ይችላሉ። እንደኔ አይደለም፣ ግን ሃያ አራት ዓመት ጋራዥ ውስጥ «ቲኬቴ ጠፋ» ከሚል ጠበቃ ጋር ተከራክረው የሚያሸንፉ ሰው ናቸው። ዋጋውን ደግሞ እኔ ሳልነግራቸው «ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ነው ያለው?» ብለው ጠይቀውኛል። ሰውየው ያን ሁሉ ሲናገር ወደ እሱ አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩት። አፌን። ታዲያ ለምን ወሰዱኝ? እኔ እንድተረጉምላቸው ነው ወይስ እኔ... እኔ ምን እንድልላቸው?

እንዲህ ከሆነ ደግሞ የእሁዱ ስልክ ምንድን ነው? እየጠየቁኝ ነው ወይስ እየ... አይ። አላውቅም። ምናልባት ነገሩን እያካበድኩት ነው። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ገበያ ይጠይቃሉ፤ የቡናንም ይጠይቃሉ፣ የዶላርንም ይጠይቃሉ።

ልጁ ይሄን ፖድካስት ይሰማል፤ መንገድ ላይ ሲሆን ይሰማኝ ነበር። አሁን ትራኩ ስለቆመ ላይሰማ ይችላል። የጀነሬተሩን ቀልድ ስልኩ ላይ ቀድቶ ለጓደኞቹ ልኮ ነበር፣ ደስ ብሎት። አባቴ ታዋቂ ሆነ ብሎ። ስለዚህ ይሄንን ክፍል ልልቀቀው፣ ግማሹን ልቁረጠው... የትራኩን ነገር ብቆርጠው ቀሪው ትርጉም የለውም። ሁሉንም ብተወው ደግሞ...

ኧረ ድመቷ መጣች። ገንዳው ላይ ወጥታ እያየችኝ ነው። ዛሬ አርብ ነው አይደል? እሁድ... ከቅዳሴ በፊት እኔው ቀድሜ ብደውልስ? ግን ስደውል መጀመሪያ ምን እላለሁ፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን ሰውየው...» ካልኩ በኋላ እኮ