ጫቱን ስትተፋ ይወርዳል?

እንደምን ዋላችሁ። እኔ እዚሁ ሐረር መኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ማይክ ይዤ አላውቅም፣ ከተንተባተብኩ ይቅርታ አቦ።

ከግራ ጆሮዬ ስር ሽምብራ የምታክል እብጠት ወጣችብኝ። አታምም፣ አትቀላም፣ ዝም ብላ ቁጭ። እናቴ ጆሮ ደግፍ ነው አለች፣ ጎረቤት ጥርስህን ተነቀል አለኝ፣ የበርጫ ጓደኞቼ ደግሞ በዛ በኩል ስለምትይዝ ነው ጫቱ ነው አሉ፣ እኔም ሞኙ ወደ ቀኝ ጉንጬ አዛወርኩት። እንዲህ ስል 3 አመት ሄደ።

በኋላ አንድ ሐኪም "ጫቱን ስትተፋ ይወርዳል?" አለኝ። አይወርድም። "እንግዲያው ጫት አይደለም" አለ፣ በቃ ይቺው ናት። በመርፌ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ የምራቅ እጢ ላይ የወጣ እጢ፣ ካንሰር አይደለም ይላል (ምራቅ የሚያመነጨውም እጢ፣ የበቀለበትም እጢ፣ እስኪገባኝ ድረስ ጭንቅላቴ ዞሮ ነበር)። እውነትም እዛ ቦታ ከሚወጡት ከ100 ወደ 80ው ክፉ አይደሉም።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ፈገግ በል፣ አይንህን ጨፍን፣ ግንባርህን ቋጥር ተባልኩ። ለካ ፊት የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ምራቅ በሚያመነጨው እጢ መሀል ነው የሚያልፈው፣ እሱን ሳይነኩ ማውጣት ለኔ ስፌት ሲፈታ ጨርቁን አለመቅደድ ነው፣ ያውም ሐር።

የወጣው ሲመረመር ግን ካንሰር ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ አሲኒክ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው የካንሰር አይነት ነው አሉ፣ ግን ያነበበችው ዶክተር ልቧ አላረፈም፣ ናሙናው ሰም ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀመጥ ሰሙ አዲስ አበባ ሄደና በሌላ ማቅለሚያ ታየ፣ ሴክሬተሪ ካርሲኖማ የሚባል ሌላ አይነት ሆነ። ይሄ በሽታ ራሱን ችሎ ስም ያገኘው በፈረንጆቹ 2010 ነው፣ ከዛ በፊት ብዙው አሲኒክ ሴል እየተባለ ያልፍ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ኢቲቪ6 እና ኤንቲአርኬ3 የሚባሉ ሁለት ጂኖች ተጣብቀው ይገኙበታል። ሎው ግሬድ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ሴሎቹም ጨዋ ይመስላሉ፣ መርፌዋንም የሸወዳት ይሄ ይመስለኛል፣ ከመርፌ የሚገኘው ናሙና ደግሞ ትንሽ ነው።

ስለዚህ ኦፕራሲዮን ያደረጋችሁ ሰዎች፣ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሰሙ የት ነው የተቀመጠው ብላችሁ ጠይቁ፣ ሌላ ዶክተር ቢጠራጠር የሚያየው እሱን ነው።

እኔ ክትትል ላይ ነኝ፣ ቀጣዩ ቀጠሮዬ ከገና በኋላ ነው። እስከዛ ሱሪ የሚያሳጥር ካለ መኪና ግርግር አለሁ።