የኤሌክትሪክ ፈረንሳይኛን ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ

እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ በኋላ ደክሟችሁም ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ልግባ። እኔ የኤሌክትሪክ ሰነዶችን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፤ የማከፋፈያ ጣቢያ መመሪያ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የጥገና ቅደም ተከተል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። በዚህ ሥራ ሁሌም የሚያስጨንቀኝ አንባቢው ነው። እኔ የጻፍኩትን እንግሊዝኛ ቢሮ ቁጭ ብሎ ላያነበው ይችላል። የሳጥኑን በር ከፍቶ፣ እጁን ሊያስገባ ሲል ነው የሚያነበው። ስለዚህ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ሳናውቅ ስሙን አንተርጉም፣ ይኸው ነው ልላችሁ የመጣሁት።

በሦስት ስሞች ልጀምር። «አንተሩፕተር»፣ «ሴክሲዮነር»፣ «ዲስዦንክተር»። ተራ መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ ሦስቱም ኮረንቲ የሚያቋርጡ ነገሮች ናቸው። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። አንተሩፕተር በእንግሊዝኛ ስዊች ነው፤ የተለመደውን ጭነት፣ ማለት መሣሪያዎች የሚስቡትን ኮረንቲ፣ ይዞ ይከፈታል ይዘጋል፣ ሾርት ሲፈጠር ግን ያንን ኮረንቲ መቁረጥ አይችልም። ዲስዦንክተር ብሬከር ነው። ሾርት ሲመጣ ራሱ ይወርዳል፣ የሾርቱንም ኮረንቲ የመቁረጥ አቅም አለው። ሴክሲዮነር ግን ሌላ ነው። ሥራው መስመሩን ከምንጩ በአስተማማኝ ክፍተት መለየት ነው፣ ጭነት እያለ መከፈት የለበትም። ከተከፈተ በመገናኛዎቹ መካከል የእሳት ቅስት ይዘረጋል፣ የከፈተውን ሰው ፊቱንና እጁን ያቃጥላል። እንግሊዝኛው ዲስኮኔክተር ነው፤ እንግሊዞች አይሶሌተርም ይሉታል።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ሴክሲዮነርን አንድ ቦታ ላይ ብሬከር ብዬ መለስኩት። በጠቅላላው ሰነድ አንድ ቦታ ብቻ። ጽሑፉን ያየው መሐንዲስ ደወለልኝ። አልተቆጣም። «ይሄን ያነበበ ሰው ጭነቱን ሳያወርድ ይከፍተዋል እኮ» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ ሰነዱን ከማንበቤ በፊት ሥዕሉን ነው የማየው። በዓለም አቀፉ አሣሣል ብሬከር መገናኛው ላይ የኤክስ ምልክት አለው፣ ዲስኮኔክተር ደግሞ አጭር ሰረዝ። ጽሑፉ ሲያምታታችሁ ሥዕሉን ጠይቁት።

አሁን «ኮንሲኛሲዮን» ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። በድምፁ ከሄዳችሁ እንግሊዝኛው «ኮንሳይንመንት» ይሆንና የሚላክ ዕቃ ይመስላል። በፈረንሳይ የኤሌክትሪክ ሥራ ግን ሰው ነክቶ እንዲሠራበት መስመሩን አስተማማኝ የማድረግ ሙሉ ሂደት ነው። መጀመሪያ መስመሩ ከምንጩ ይለያል። ቀጥሎ ማንም መልሶ እንዳያበራው ይቆለፋል፣ ምልክትም ይንጠለጠልበታል። የሚሠራበት መስመር ያው ራሱ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ቮልቴጅ አለመኖሩ በመሣሪያ ይፈተሻል፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሆነ ደግሞ ፌዞቹ፣ ማለት ኮረንቲ የሚያመጡት ሽቦዎች፣ እርስ በርስ ተገናኝተው ከመሬት ጋር ይታሰራሉ። አሜሪካኖች «ሎክአውት ታግአውት» ይላሉ። ጥሩ ቃል ነው፣ እጠቀምበታለሁም፤ ግን ስሙ ላይ የሚሰማው ቁልፉና ምልክቱ ብቻ ስለሆነ፣ ፍተሻውና መሬት ማስያዙ ተዘሎ እንዳይቀር እርምጃዎቹን አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ። ደንበኛው «አበዛኸው» ቢለኝም አልቀንስም።

እዚያው ውስጥ ሌላ ወጥመድ አለ። የመቆለፉን እርምጃ ፈረንሳዮች «ኮንዳናሲዮን» ይሉታል፤ በርን በቁልፍም በምስማርም ማሸግ ለእነሱ «ኮንዳኔ» ነው። እንግሊዝኛው ላይ «ኮንደምኔሽን» ብላችሁ ብትተዉት ሠራተኛው ስለ ፍርድ ቤት የተጻፈ ይመስለዋል። ቁልፉን ከኪሱ አያወጣም። «ሎክ ኦፍ» በሉት። የቮልቴጅ አለመኖር ፍተሻ ደግሞ በፈረንሳይኛው ምህጻረ ቃል «ቪ ኤ ቲ» ተብሎ ይጻፋል። እነዚያው ሦስት ፊደላት ለእንግሊዝኛ አንባቢ የተጨማሪ እሴት ታክስ ናቸው! እንግሊዞቹ ለፍተሻው «ፕሩቭ ዴድ» የሚል አጭርና ቁርጥ ያለ አባባል አላቸው፣ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

«ዴፎ»ም እንደዚሁ። በአንድ የሪሌ፣ ብልሽት ሲያይ ብሬከሩን የሚያዝ መሣሪያ፣ መመሪያ፣ በአንድ ገጽ ላይ፣ ሁለት ትርጉም ይዞ ይመጣል። «ኩራን ደ ዴፎ» ሲል የብልሽት ኮረንቲ ነው፣ በእንግሊዝኛ ፎልት። «ሬግላዥ ፓር ዴፎ» ሲል ግን ከፋብሪካ ተሞልቶ የመጣው ቅንብር ነው፣ ዲፎልት። የኮምፒውተር ትርጉም ላይ ሁለቱ ተቀያይረው አይቻለሁ። የሪሌውን ቅንብር በዚያ ጽሑፍ የሚሞላውን ሰው አስቡት።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። «ዠ ደ ባር» የባር ጨዋታ አይደለም፣ ባስባር ነው፤ ኮረንቲ የሚያከፋፍሉት የብረት ዘንጎች። «ፑቭዋር ደ ኩፒዩር» የመቁረጥ ሥልጣን ሳይሆን ብሬኪንግ ካፓሲቲ ነው፤ መሣሪያው ሊቆርጠው የሚችለው የኮረንቲ መጠን። «ኮንትሮል» አብዛኛውን ጊዜ ፍተሻ ነው፣ መቆጣጠሪያው «ኮማንድ» ነው። «ሴክሲዮን» ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው የፊቱ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር ካሬ። ለአሜሪካ አንባቢ ብላችሁ ወደ ጌጅ፣ ወደ አሜሪካኖቹ የሽቦ ቁጥር፣ አትቀይሩት። 2.5 ሚሊሜትር ካሬ በ14 እና በ12 ጌጅ መካከል ነው የሚወድቀው፣ ትክክለኛ አቻ የለውም።

ቁጥሮችንማ አደራ! ፈረንሳዮች አሥርዮሹን የሚለዩት በኮማ ነው። ፈረንሳይኛው ላይ «1,250» ካለ አንድ ከሩብ ነው፤ እንዳለ ከተዋችሁት እንግሊዝኛ አንባቢው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብሎ ያነበዋል። «ኦት ታንሲዮን አ» ስትሉም እንዲሁ ተጠንቀቁ። በፈረንሳይ ከ1000 ቮልት በላይ እስከ 50 ሺህ ቮልት ያለው ነው፤ ስሙ «ከፍተኛ» ይላል፣ የተለመደው እንግሊዝኛ ግን ሚዲየም ቮልቴጅ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ 11 ሺህ ቮልቱን ከፍተኛ የሚሉ ሞልተዋል። እኔ ሁልጊዜ ቮልቱን በቁጥር አጠገቡ እጽፋለሁ።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ የራሳችን ችግር አለብን። ኮረንቲ ጠፋ፣ ኮረንቲ ያዘው፣ ኮረንቲው ደከመ እንላለን፤ ቮልቴጁም፣ አምፔሩም፣ ኃይሉም ለእኛ ኮረንቲ ነው። ሰነዱ ላይ ግን «ታንሲዮን» ቮልቴጅ ነው፣ «አንታንሲቴ» የኮረንቲው መጠን ነው፣ «ፒዊሳንስ» ኃይል ነው። በነገራችን ላይ በእንግሊዝኛ ቀመር ኮረንቲ በ«አይ» ፊደል የሚጻፈው ከዚሁ አንታንሲቴ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መጥቶ ነው። እንደ «ቲ ቲ» እና «ቲ ኤን» ባሉት የመሬት አያያዝ ዘዴዎች ስም ውስጥ ያለችው «ቲ»ም «ቴር» ናት፣ መሬት። እንግሊዝኛው ራሱ ፈረንሳይኛ ለብሷል።

መዝገበ ቃላት ለምትጠይቁኝ፣ በ1906 ለንደን ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ቃላቱን ከነትርጓሜያቸው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያወጣል። ኤሌክትሮፔዲያ ይባላል፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ነው። እኔ ስሠራ ሁሌም ክፍት ነው።

ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ባለ ሦስት ገጽ ሰነድ የአንድ ትራንስፎርመር ጣቢያ የጥገና ቅደም ተከተል ነው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውሰዱት፣ ሥዕሉ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። መጀመሪያ እሱን እዩ። ከዚያ ሴክሲዮነር የሚለውን ባገኛችሁበት ሁሉ አስምሩና ከእሱ በፊት ጭነቱን የሚያወርደው መሣሪያ የቱ እንደሆነ ጠርዙ ላይ ጻፉልኝ። ሃያ ደቂቃ አላችሁ፣ እኔም እየዞርኩ አያለሁ።